ቀይ ቀበሮ በስሙ ይጠራልን፦ ለሰሜን ሸዋ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ የዩኒቨርሲቲና የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች
ለድኅረ ምረቃ ክፍሎችና ለቴሲስ አማካሪዎች
ለአይሲቲ ክፍሎች

ጉዳዩ፦ አንዱን ነገር በየሲስተሙ በተለያየ ስም መጥራታችንን ስለማቆም

የተከበራችሁ ባልደረቦቼ፣

ይህን በውስጥ ማስታወሻ ልጽፈው ነበር። የውስጥ ማስታወሻ መጨረሻው የት እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ጉዳዩም የአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደለም። ስለዚህ በአደባባይ ይሁን አልኩ።

ከአንድ ልጅ ልጀምር። ጥቅምት ላይ ነው። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነው። ልጁ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ የመሐል ሜዳ ልጅ ነው። ጋቢውን እንደተከናነበ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ አለ። መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ የሚባለው ቦታ ላይ ስላለው ቀይ ቀበሮ ሊጽፍ ፈልጓል። «ቀይ ቀበሮ» ብሎ ፈለገ። ምንም። «ኢትዮጵያን ዎልፍ» ብሎ በእንግሊዝኛ ሞከረ። ምንም። ወደ እኔ ዞር አለና፣ «ጋሼ፣ እኛ ጋ በቀይ ቀበሮ ላይ የተሠራ ነገር የለም ማለት ነው?» አለኝ።

«ሲስተሙ የለም ካለ የለም» አልኩት።

ነበረ። እሱ ከተቀመጠበት አሥር እርምጃ በማይርቅ መደርደሪያ ላይ፣ ጥቁር ጥራዝ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ ነበር። ርእሱ ስለ ሥጋ በል እንስሳትና ስለ እረኞች ነው የሚያወራው። ቀበሮ የሚል ቃል ሽፋኑ ላይ የለም። ውስጡን ስትገልጡት ግን ሁለት ሙሉ ምዕራፍ ስለ ቀይ ቀበሮ ነው። እኔ ያገኘሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አቧራ ስናራግፍ ነው። ልጁ ያኔ ፕሮፖዛሉን አስገብቶ ጨርሷል። «በአካባቢው ከዚህ በፊት የተጠና ነገር የለም» የሚል ዓረፍተ ነገርም ጽፎበታል።

ወንበሬ ላይ ተመልሼ መዝገቡን ከፈትኩት። ርእሰ ጉዳይ በሚለው ቦታ «ሬድ ፎክስ» ተብሏል፣ በእንግሊዝኛ። ማን እንዳስገባው ሲስተሙ ይናገራል። አየሁ። እኔ ነኝ።

ቀይ ማለት ሬድ፣ ቀበሮ ማለት ፎክስ። ምን ችግር አለው? ችግሩ፣ ሬድ ፎክስ የሚባለው ሌላ እንስሳ መሆኑ ነው። እሱ የአውሮፓው፣ የእስያውና የሰሜን አሜሪካው ነው። የእኛው ቀይ ቀበሮ በሳይንስ ስሙ ካኒስ ሲሜንሲስ ይባላል። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም የለም። ያደጉት ከ500 አይበልጡም ይባላል። ፈረንጆቹ ራሳቸው ስም ሲያማርጡለት ኖረዋል፤ በሰሜን ተራሮች ስም የሰሜን ፎክስ አሉት፣ የሰሜን ጃካል አሉት፣ አቢሲኒያን ዎልፍ አሉት። በ1990ዎቹ የዘር ጥናት ሲደረግ ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ የቀረበ ሆኖ ተገኘ፤ አሁን የሚበዛው ስም ኢትዮጵያን ዎልፍ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የቀን አቆጣጠሩ ጣጣ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል።)

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። እዚህ ላይ ግን ስሙን ያበላሸው ባለቤቱ ራሱ ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋልም እንላለን። የመመረቂያ ጽሑፍን ርእሰ ጉዳይ መልአክ አያወጣውም። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደክሞት የተቀመጠ ካታሎገር፣ እንደ እኔ ያለ የቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚሞላ ሠራተኛ ነው የሚያወጣው።

በእርግጥ ጥፋቴን ለማስተካከል አምስት ደቂቃ ይበቃኛል ብዬ ነበር። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

እንደምታውቁት የአብዛኞቻችን ቤት ሦስት ጓዳ አለው። የታተመው መጽሐፍ ኮሃ ውስጥ ነው። ኮሃ ኒውዚላንድ ውስጥ በ1999 የተጀመረ ነጻ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነው፤ ቃሉ በማኦሪዎች ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። የመመረቂያ ጽሑፎች ደግሞ ዲስፔስ ላይ ናቸው፤ እሱን የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲና የኮምፒውተር ኩባንያው ኤችፒ ተባብረው በ2002 ያወጡት ነው። ሦስተኛው ጓዳ የውጭዎቹ ዳታቤዞች ናቸው፤ የግብርናው፣ የሕክምናው፣ የማኅበራዊ ሳይንሱ። ተማሪው ይህን ሁሉ አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። እሱ የሚያየው አንድ የመፈለጊያ ሳጥን ነው።

ሳጥኑ አንድ ነው፤ ከኋላው ያለው አፍ ግን ብዙ ነው። ኮሃ ውስጥ እኛ የጻፍነው ቃል አለ። ዲስፔስ ላይ ተማሪው ራሱ ሲያስገባ የመጣለትን ቃል ጽፏል። የሕክምናው ዳታቤዝ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ከ1960 ጀምሮ የሚያወጣውን የቃላት ዝርዝር ይከተላል። የግብርናው አግሮቮክ የሚባለውን የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዝርዝር ይጠቀማል። ብዙው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ደግሞ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ከ1898 ጀምሮ ያደራጀውን የርእሰ ጉዳይ ቃላት ይዞ ይመጣል። ጤፍን ውሰዱ። አንዱ በተለመደ ስሙ ጤፍ ይለዋል፣ ያውም በእንግሊዝኛ ፊደል መጨረሻው ላይ ኤፍ አንድ ነው ሁለት በሚል ተለያይተው። ሌላው በሳይንስ ስሙ ኤራግሮስቲስ ጤፍ ይለዋል። የምንጃር ገበሬ ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

እናም ኮሃ ላይ «ሬድ ፎክስ»ን አጥፍቼ ቀይ ቀበሮና ኢትዮጵያን ዎልፍ አልኩ። ዲስፔስ ላይ ያው ጽሑፍ በዲጂታል አለ፤ እሱን ለማስተካከል ፈቃድ የለኝም። የሚመለከተውን ሰው ጠየቅኩ፣ ጊዜ ወስዶም ቢሆን ተስተካከለ። ከወር በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ፈለግኩ። ሬድ ፎክስ ተመልሶ መጥቷል! ሰርቨር ሲቀየር የድሮው ፋይል በጅምላ እንደገና ተጭኖ ነው። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ያኔ ነው የገባኝ። ቃሉን አንድ በአንድ፣ መዝገብ በመዝገብ ማረም ሥራ አይደለም። ቃሉ የሚኖርበት አንድ ቤት ያስፈልገዋል፤ ሌሎቹ ሲስተሞች ከዚያ ቤት መቅዳት አለባቸው።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም። ዕድሜያችሁ ከገፋ የካርድ ካታሎጉን መሳቢያ ታስታውሱታላችሁ፤ መሐሉን ዘንግ የሚያልፍበት፣ የካርዱ ጠርዝ በጣት ብዛት የጠቆረው። አንዳንዱ ካርድ ላይ መጽሐፍ የለም። አንድ ቃል ይጻፍና ከሥሩ «ይህን ተመልከት» ይላል። ያ ባዶ የሚመስል ካርድ ነበር ሥራውን የሚሠራው። በየትኛውም ስም ብትመጡ እጃችሁን ይዞ ወደ ትክክለኛው መሳቢያ ይወስዳችኋል። ኮምፒውተር ሲመጣ መጽሐፎቹን ገለበጥን፤ «ተመልከት» የሚሉትን ካርዶች ግን አብዛኞቻችን ጣልናቸው።

ቦታቸው አሁንም አለ። ኮሃ ውስጥ ኦቶሪቲ የሚባለው ክፍል ነው። መዝገቡ ማርክ በሚባለው አጻጻፍ፣ በቁጥር በተለዩ መስመሮች ነው የሚሞላው። በ150 መስመር የመረጥነውን ቃል እንጽፋለን። በ450 ያልመረጥናቸውን፣ ነገር ግን ሰው የሚፈልግባቸውን ስሞች ሁሉ እንደረድራለን። በ550 ደግሞ ዘመዶቹን። ቀይ ቀበሮ ብላችሁ 150 ላይ ካስቀመጣችሁ፣ የሰሜን ፎክስም፣ የሰሜን ጃካልም፣ ኢትዮጵያን ዎልፍም 450 ላይ ይገባሉ። ሬድ ፎክስም ይግባ ወይ? አይግባ። እሱ ስሕተት እንጂ ስም አይደለም። ብዙ ቦታ ይህን ክፍል ስትከፍቱት ባዶ ነው፤ ወይም ሲስተሙ በራሱ የፈጠራቸው፣ ማንም ያላያቸው ቃላት ሞልተውበታል።

የፋይዳ ቁጥርን አስቡት። ያው ሰው ቀበሌ መታወቂያው ላይ በአንድ ፊደል፣ የባንክ ደብተሩ ላይ በሌላ፣ የትምህርት ማስረጃው ላይ በሦስተኛ ተጽፏል። ሰውየው ግን አንድ ነው። ቁጥሩ ሦስቱን ያገናኛል። ቃላትም እንዲሁ ቁጥር አላቸው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም አግሮቮክም ለእያንዳንዱ ነገር መለያ ሰጥተዋል። ዝርዝራችን ላይ ከአማርኛው ቃል ጎን ያንን መለያ ብንጽፍ፣ ነገ ፈረንጅ ስሙን ቢቀይረውም የእኛው አይፈርስም።

የአማርኛችንን ነገር ግን ፈረንጅ አይፈታልንም። «ሥነ ጽሑፍ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ሥ ወይም ስ፣ ሁለት ነው። ጽ ወይም ፅ፣ ሁለት። ሑ፣ ሁ ወይም ኁ፣ ሦስት። አባዙት፣ 12 ይሆናል። ለያይቶ የሚጽፍ አለ፣ አጣብቆ የሚጽፍ አለ፤ 24። በመሐል ሰረዝ የሚያስገባ ካለ 36። ሁሉም ሲነበብ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ካልነገሩት በቀር 36 የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደብረ ብርሃን ራሷ ባንድ ሲስተም ተጣብቃ፣ በሌላው ተለያይታ፣ በሦስተኛው በ«ሀ» ተጽፋ አይቻታለሁ። የገዛ ከተማችንን ስም መፈለግ አቃተን እኮ።

ፊደል ይቀነስ አይቀነስ የሚለው ክርክር ውስጥ አልገባም። ሰው እንደፈለገ ይጻፍ። የምለው፣ ሲስተሙ የሚፈልግበት ማውጫ ሲሠራ ሐ እና ኀን እንደ ሀ፣ ሠን እንደ ሰ፣ ዐን እንደ አ፣ ፀን እንደ ጸ እንዲያይ ይታዘዝ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው አይነካም፤ ከጀርባ የሚፈለግበት ብቻ ነው የሚገጥመው። «እንዲህ ከሆነ ሠረቀ እና ሰረቀ ሊቀላቀሉ ነው» ያለኝ መምህር አለ። ይቀላቀሉ። የፀሐይ መውጣት ሲፈልግ ሁለት የሌብነት ጽሑፍ ቢመጣበት ተማሪው ይስቃል እንጂ አይጎዳም። ምንም አለማግኘት ነው የሚጎዳው።

«ጉግል እያለ ምን አስጨነቀህ» የሚሉኝም አሉ። ጉግል የሚያነበው የሚነበብ ነገር ሲያገኝ ነው። ከመመረቂያ ጽሑፎቻችን ብዙዎቹ ስካን የተደረጉ ፎቶዎች ናቸው። በኮምፒውተር የተጻፉትም ቢሆኑ፣ ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ በየራሱ መንገድ በሚጽፍ ፎንት ነበር የምንተይበው። እንዲህ ያለውን ፋይል ክፈቱና አንድ መስመር ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ቦታ ለጥፉት፤ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ጉግል የሚያየው ያንን ነው። ለእነዚህ ጽሑፎች በር የሚሆናቸው እኛ የምንጽፍላቸው ርእሰ ጉዳይ ብቻ ነው። በሩ ላይ ሬድ ፎክስ ብለን ከጻፍን ዘጋነው ማለት ነው።

የቦታ ስምማ ሌላ ጉድ ነው። ሰሜን ሸዋ ስንት ነው? ሁለት ነው። አንዱ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው፣ በአማራ ክልል ያለው የእኛው። ሌላው ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው፣ በኦሮሚያ ክልል ያለው። ሁለቱም ዞን ናቸው፣ ስማቸውም አንድ ነው። አንዲት የጤና ተማሪ የሰሜን ሸዋን የእናቶች ጤና ጥናቶች ሰብስባ አምጥታ አሳየችኝ። የፍቼውና የደብረ ብርሃኑ ተደባልቀው አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ገብተዋል። ልጅቷ አላጠፋችም፤ መዝገቡ አልለየላትም። ከስሙ ጎን ክልሉን መጻፍ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ወደኋላ ስንሄድ ደግሞ ሰሜን ሸዋ የሚለው ስም ራሱ ይጠፋል። በድሮው የሸዋ ክፍለ ሀገር ይህ አካባቢ ተጉለትና ቡልጋ፣ ይፋትና ጥሙጋ፣ መንዝና ግሼ፣ መርሐ ቤቴ የሚባሉ አውራጃዎች ነበሩ። የዚያን ዘመን የግብርና ሪፖርት «ሰሜን ሸዋ» ብላችሁ ብትፈልጉ አታገኙትም። ምኒልክ በ1844 የተወለዱባት አንጎለላ፣ ባንዱ መዝገብ ተጉለትና ቡልጋ ሥር፣ በሌላው አንጎለላና ጠራ ወረዳ ሥር ትገኛለች። ሁለቱም ልክ ነው። ያጣነው «ተመልከት» የሚለውን ካርድ ነው።

ጓሳስ? ጓሳ ሣር ነው፤ ቤት የሚከደንበት፣ ገመድ የሚገመድበት። ጓሳ ቦታም ነው። በቦታው ላይ የተቋቋመው የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታም ጓሳ ነው። በማርክ አጻጻፍ ሣሩ 650 ላይ፣ ቦታው 651 ላይ ነው የሚገባው። እኛ ጋ ሁሉም 650 ላይ ተቆልሏል። የመንዝ ሰው ጓሳን የጠበቀበትን፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ይነሣል የሚባለውንና ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የላላውን የአባቶች ሥርዓት ያጠኑ ተማሪዎች አሉ። የሕግ ተማሪው «የጋራ ይዞታ» ብሎ አስገባው። የአካባቢ ጥበቃው «ብዝኃ ሕይወት» አለው። የሶሺዮሎጂው «አገር በቀል ዕውቀት» አለው። ሌላው በእንግሊዝኛ «ኮመን ፕሮፐርቲ» አለ። አራቱም ስለ አንድ ሥርዓት ነው የጻፉት። እርስ በርስ አልተያዩም።

ቃል ሲበላሽ ጥናት ብቻ አይደለም የሚጎዳው፤ ሰውም ይከፋዋል። አሜሪካ የሆነውን ልንገራችሁ። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ዝርዝር ያለ ፈቃድ የገቡ ስደተኞችን «ሕገ ወጥ ባዕዳን» በሚል ዓይነት ቃል ይጠራቸው ነበር። በ2014 የዳርትመዝ ኮሌጅ ተማሪዎች ይህ ይቀየር ብለው ተነሡ። በ2016 ቤተ መጻሕፍቱ እሺ አለ። ነገሩ የፖለቲካ ሆነና ምክር ቤቱ ድረስ ደርሶ ታገደ። በመጨረሻ የተቀየረው በኅዳር ወር 2021 ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ቤተ መጻሕፍት አልጠበቁም፤ በየቤታቸው ቃሉን ቀየሩ። ግን የእኛው ዓይነት ጣጣ ገጠማቸው። የራሳቸውን ካታሎግ አጽድተው ተማሪው ያንን አንድ ሳጥን ሲጠቀም፣ ከውጭ በተገዛው ዳታቤዝ በኩል አሮጌው ቃል ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ አንዳንዶቹ መፍትሔውን ወደ ሳጥኑ ወሰዱት፤ መዝገብ ከየትም ይምጣ፣ ማውጫው ውስጥ ሲገባ አሮጌው ቃል በአዲሱ ይተካል። አሮጌውን ቃል የጻፈ ሰውም ወደ አዲሱ ይመራል።

እኛ ጋ ይህ አይነካንም እንዳትሉ። የድሮ አውሮፓውያን ተጓዦች መጻሕፍት የኦሮሞን ሕዝብ የሚጠሩበትን፣ ዛሬ ስድብ የሆነውን ቃል ታውቁታላችሁ። መጽሐፉ ርእስ ላይ ካለ ያው ታሪክ ነው፤ ርእስ አይፋቅም። ርእሰ ጉዳይ ግን የእኛ ቃል ነው፤ ዛሬ እኛ ነን የምንናገረው። ከውጭ በጅምላ በምናስገባው መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል ካለ፣ የወለጋ ልጅ እኛ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጣ ስክሪኑ ላይ ታነበዋለች። «ከውጭ የመጣ ነው» ብዬ ላስረዳት? እኔ አልችልም።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው።

አንድ ዝርዝር ይኑረን። ለመጀመሪያ ጊዜ ኤክሴል ይበቃል። የመረጥነው ቃል፣ ሌሎች ስሞቹ፣ የእንግሊዝኛው፣ ካለው የሳይንስ ስሙ፣ የውጭው መለያ ቁጥር፣ ማን መቼ እንደወሰነው። በአካባቢያችን ነገር እንጀምር፤ በቦታ ስሞች፣ በሰብሉ፣ በእንስሳቱ፣ በመንዝ በግ፣ በጅሩ ሰንጋ። ኢኮኖሚክስንና ፊዚክስን ዓለም ሠርቶልናል፣ ከዚያ እንቅዳ። የአንኮበርንና የጓሳን ነገር ግን እኛ ካልሠራን ማንም አይሠራልንም።

ዝርዝሩ ባለቤት ይኑረው። ኮሚቴ አላልኩም። ኮሚቴ አበልና ቃለ ጉባኤ ያመጣል፣ ቃል አያመጣም። አንድ ሰው፣ በሥራ መዘርዝሩ ላይ የተጻፈ፣ በሳምንት ግማሽ ቀን። ያ ሰው ሲጠራጠር የሚጠይቃቸው ሰዎች ይኑሩት፤ የእንስሳ ስም ሲሆን የእንስሳቱን መምህር፣ የቦታ ስም ሲሆን የአገሩን ሽማግሌ። እኔ ያን ቀን መሐል ሜዳ ስልክ ደውዬ አንድ እረኛ ብጠይቅ ኖሮ፣ ከመዝገበ ቃላቱ የተሻለ መልስ አገኝ ነበር።

ዲስፔስ ላይ ተማሪው ቃሉን ከዝርዝሩ እንዲመርጥ ይደረግ። ሶፍትዌሩ ይህን ይችላል፤ ቃላቱን በፋይል አዘጋጅቶ ከማስገቢያ ቅጹ ጋር ማሰር ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቃል ካለው የሚጽፍበት አንድ ነጻ ቦታ ይተውለት፤ ባለቤቱ በየሳምንቱ ይየው። ጥሩ ቃል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተማሪ ነው።

የአይሲቲ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእናንተ ድርሻ ትንሽ ናት፤ ካላችሁበት ግን ሁሉም ነገር ይሠራል። ኮሃ ላይ ከውጭ የሚመጣ መዝገብ የእኛን መስመር እንዳይደመስስ የሚከለክል ደንብ ማዘጋጀት ይቻላል። የጅምላ ጭነት ስታካሂዱ ከዚህ ቀደም ያረምነውን ይዛችሁት እንዳትሄዱ፣ ከመጫናችሁ በፊት ለካታሎግ ክፍል አንድ ስልክ ደውሉ። ሌላው ቀርቶ ቴሌግራም ላይ «ዛሬ ማታ ልጭን ነው» በሉን።

አማካሪዎች፣ እናንተን የምጠይቀው ደግሞ ተማሪው «ያልተጠና ነው» ሲላችሁ በምን ቃል እንደፈለገ እንድትጠይቁት ነው። ቃሉን አንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ይዞልኝ ይምጣ። ያልተገኘበት ቃል ለእኔ ወርቅ ነው፤ የትኛው «ተመልከት» እንደጠፋ የሚነግረኝ እሱ ነው።

ገንዘብ አልጠየቅኩም። አዲስ ሲስተምም አልጠየቅኩም፤ እንዲያውም አዲስ ሲስተም ከመጣ አራተኛ ጓዳ ነው የሚሆንብን።

የመሐል ሜዳው ልጅ ዲፌንሱን ጨርሷል። የቀድሞውን ጽሑፍ ስሰጠው ትንሽ ተናደደብኝ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ ከዚያ ምዕራፍ ሁለቱን እንደገና ጻፈው። ባለፈው ሰኞ የመጨረሻውን ቅጂ ሊያስረክብ መጣ። የማስገቢያ ቅጹን ራሱ ሞልቶታል። ቁልፍ ቃላት በሚለው ቦታ አምስት ቃል አለ። ሦስተኛው ሬድ ፎክስ ነው። ምነው ስለው፣ «ጋሼ፣ ሲስተሙ ላይ እንደዛ ነው እኮ የተጻፈው» አለኝ።

ቅጹ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እስካሁን አላስገባሁትም። ቃሉን የምቀዳበትን ዝርዝር እየጠበቅኩ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ካታሎገር
ደብረ ብርሃን